ጸሎትና ቱንቢ

ይህን ታሪክ የማያምን ካለ ግንቡ አሁንም እንደ ቆመ ነው፤ ሄዶ ይጠይቀው። እኔ ሰባተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ የተማርኩ ግድግዳ ለሳኝ ነኝ፤ ስለዚህ የምናገረው እጥፍ እውነት ነው።

ግንበኛው አለቃዬን የሳንባ ነቀርሳ ያዛቸውና ስድስት ወር የሚዋጥ ኪኒን ታዘዘላቸው። ሁለት ወር ዋጡ፤ ቀለል ሲላቸው ተዉት። አንድ ጠዋት አብረን ወደ ሥራ ስንሄድ የእህታቸው ልጅ መንገድ ላይ ገጠመችን። የጤና ጣቢያ ነርስ ናት። ሰላምታው ሳያልቅ አለቃዬን ሳል አፍኖ ያዛቸው።

«አጎቴ፣ ኪኒንዎን እየዋጡ ነው?»

«ጸሎት ይዣለሁ ልጄ።»

«ኪኒኑስ የት ገባ?»

«ከሲሚንቶ ጋር ለውሼ ገነባሁበት። መድኃኒት መጣል ነውር ነው።»

«እውነታቸውን ነው» አልኩ እኔ፤ «ያ ግንብ ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን አስሎ አያውቅም።»

ነርሷ አልሳቀችም። ወደ አጎቷ ዞረች።

«ለምን አጎቴ?»

«ስሚኝ፤ እኔ ምስጋና ያለ ቦታው መስጠት አልወድም። ጸልዬም ውጬም ብድን ማን አዳነኝ ልበል? ፈጣሪን አመስግኜ ያዳነኝ ኪኒኑ ከሆነ ዋሾ ነኝ። ኪኒኑን አመስግኜ ያዳነኝ እሱ ከሆነ ደግሞ ውለታ ቢስ ነኝ። ስለዚህ አንዱን መረጥኩ።»

እንዲህ ተጠርቦ የተስተካከለ ስሕተት የሚሳሳት ግንበኛ ብቻ ነው።

«ግንብ ሲጀምሩ ይጸልያሉ?» አለች።

«ሳልጸልይ ድንጋይ አንስቼ አላውቅም።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ቱንቢዬን አንጠለጥላለሁ።»

«ያን ብረት የታሰረበትን ክር? ጸልየው የለም እንዴ፤ ፈጣሪ አያቀናውም?»

«አትቀልጂ። ያለ ቱንቢ የቆመ ግንብ ሰው ላይ ይወድቃል።»

«ግንቡ ቀጥ ብሎ ሲያልቅ ታዲያ ማንን ያመሰግናሉ፣ ክሩን?»

አለቃዬ መዶሻቸውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወሩ።

«ፈጣሪን ነዋ» አሉ ቀስ ብለው። «ክሩን ቀጥ አድርጎ ወደ ታች የሚስበው የማን ሥራ ሆነና?»

«ኪኒኑም ተሐዋሲን እንዲገድል ያደረገው እሱው ነው። ሳይንስ ማለት እሱ የዘረጋውን ክር ፈልጎ መያዝ ነው። የእርስዎ ግንብ ግን ዘሟል አጎቴ፤ የሚወድቀውም በእርስዎ ብቻ አይደለም። ልጅዎ እርጉዝ ናት፤ የምታድሩት አንድ ክፍል ውስጥ ነው።»

«ለሷም እጸልያለሁ።»

«ይጸልዩ። እኔም መርፌ ከመያዜ በፊት እጸልያለሁ። ዛሬ ግን ጤና ጣቢያ ሳላደርስዎ ከአጠገብዎ አልለይም።»

አለቃዬ መዶሻቸውን ለእኔ ሰጡኝና «ቱንቢውን ካገኘሽውማ ምሪኝ» አሏት። እኔም ላጅባቸው ተከተልኩ።

አክታቸው እንደገና ተመረመረ፤ ሕክምናው ከመጀመሪያው ተጀመረ፤ ይህን ጊዜ አንድ ቀን ሳያጓድሉ ጨረሱት። ዛሬ ሦስተኛ ፎቅ ሳያርፉ ይወጣሉ፤ የልጅ ልጃቸውን ያለ ስጋት አቅፈው ይስማሉ። ሃይማኖታቸውም አልጎደለም። እንዲያውም ጸሎታቸው ረዝሟል፤ አሁን ሳል አያቋርጠውም።

አንዲት ነገር ብቻ ከራሴ ጨምሬአለሁ። የተከተልኳቸው ላጅባቸው አልነበረም። እኔም ሦስት ሳምንት ሙሉ ስስል «የኖራ አቧራ ነው» እያልኩ ነበር።