ማሰሪያ የሌለው ጫማ

አዛውንቱ መጽሐፍ ጠራዥ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሲደርሱ፣ እንደ ልማዳቸው ጎንበስ ብለው ጫማቸውን ማሰር ጀመሩ። ደረታቸው ውስጥ ቀጭን ፉጨት ይሰማል። የሥራ ክፍላቸው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ኪሳቸው ውስጥ ደግሞ «በእርጅና ምክንያት» የሚል የሥራ መልቀቂያ ደብዳቤ አለ።

«ጋሼ» አለ ከኋላቸው አንድ ድምፅ፤ «ጫማዎ እኮ ማሰሪያ የለውም።»

በማተሚያ ቤቱ በቅርቡ የተቀጠረችው ወጣት አራሚ ናት። ጫማቸውን አዩት፤ እውነትም የለውም።

«አንቺ ደረጃ ላይም ታርሚያለሽ?» አሉ፣ በቁጣና በኀፍረት መካከል ሆነው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ። ትንፋሽ ለመሰብሰብ እንደቆሙ የገባኝ እኔም አስም ስላለብኝ ነው። ድሮ ደረጃ ላይ ስልክ የማወራ መስዬ ነበር የምቆመው። አንድ ቀን ‹እሺ፣ እሺ› እያልኩ ሳለ ስልኩ ጆሮዬ ላይ ጮኸ!»

ሳቅ አመለጣቸው፤ ሳቁም ወዲያው ሳል ሆነ። ግድግዳውን ተደግፈው እስኪያልፍላቸው ቆዩ።

«አየሽ? ሳቅ የተውኩት ለዚህ ነው። ክፍላችን ውስጥ ‹ጋሼ ኮስታራ› ይሉኛል። ቀልድ ሲጀመር ሙጫ ላመጣ ብዬ ውልቅ እላለሁ።»

ይህን ለባለቤታቸው እንኳ ተናግረውት አያውቁም። ጤነኛ ሰው መተንፈሱን ረስቶ ይውላል፤ እሳቸው ግን የት እንደሚቆሙና ለማን ምን እንደሚያመካኙ ጠዋት ከቤት ሳይወጡ ያሰላሉ። ከሕመሙ ይልቅ መሸሸጉ ያደክማቸው ነበር።

«መድኃኒት የለዎትም?»

«በአፍ የሚሳቡ ሁለት ሰጥተውኛል። አንዱን ሲያፍነኝ እስበዋለሁ። በየቀኑ የተባልኩት ግን ከነማሸጊያው መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። ደህና እየዋልኩ መድኃኒት? ሱስ ቢሆንብኝስ?»

«እኔም ይህንኑ ፈርቼ ሐኪሜን ጠይቄ ነበር፤ ሱስ አያስይዝም። የመጀመሪያው የጠበበውን የአየር ቧንቧ ለጊዜው ይከፍታል፤ የየቀኑ ግን ከሥር ያለውን እብጠት ያበርዳል። እብጠቱ ደህና በዋሉበት ቀንም አለ።»

«ሳያመኝ!»

«ጋሼ፣ እርስዎ መጽሐፍ የሚሰፉት ገጹ ከተበተነ በኋላ ነው?»

«ተበትኖ የመጣም እሰፋለሁ» አሉ ጠራዡ፣ ላለመሸነፍ ያህል። «ያኔ ግን ወረቀቱ ተጎድቷል።»

«እኔም የምለው ይህንኑ ነው።»

«የወረቀቱ ብናኝስ? አርባ ዓመት የኖርኩት እዚያ ውስጥ ነው።»

«በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል፤ የወረቀት መቁረጫውም ወደ መስኮቱ ይጠጋል። ግን አስቀድመው መናገር አለብዎት። ሰው ችግርዎ ጫማዎ ከመሰለው በምን ይርዳዎት?»

ሽማግሌው ደብዳቤውን አውጥተው ሰጧት። አነበበችውና እርሳሷን አውጥታ «በእርጅና» የሚለውን ቃል አከበበችው።

«እዚህ ላይ ስህተት አለ። ምክንያቱ ከታረመ ደብዳቤው ራሱ ላያስፈልግ ይችላል።»

በማግስቱ ሐኪም ዘንድ ሄዱ። እስከዚያ ቀን መድኃኒቱን ሲስቡ አብዛኛው ምላሳቸው ላይ ይቀር እንደነበር ታወቀ። ሐኪሙ አሳሳቡን አስተካከለላቸው፤ የየቀኑን ከሳቡ በኋላም አፋቸውን እንዲጉመጠመጡ ነገራቸው። ለሥራ ባልደረቦቻቸውም እውነቱን ተናገሩ፤ በዚያው ሳምንት መቁረጫው ወደ መስኮቱ ተጠጋ።

ከሁለት ወር በኋላ ጋደም ብለው ይተኙ ጀመር፤ ለወትሮው ትራስ ደራርበው ተደግፈው ነበር የሚያነጉት። አስሙ አልጠፋም። ሦስተኛው ፎቅ ላይ አንዳንዴ ይቆማሉ፤ ሲቆሙ ግን ቀጥ ብለው ነው። መድኃኒቱን በጊዜው መውሰድ ትንፋሽ ይሰጣል፣ እውነቱን መናገር ደግሞ ረዳት፤ እሳቸው ሁለቱንም አገኙ። ደብዳቤውን ቆራርጠው ለአንድ ወፍራም መዝገበ ቃላት የጀርባ መደገፊያ አድርገው ለጠፉት።

አንድ ቀን ክፍሉ ውስጥ ቀልድ ተጀመረ። ጋሼ ኮስታራ ሙጫ ላመጣ አላሉም፤ ከት ብለው ሳቁ። ሰዉ ሁሉ ሳሉን እየጠበቀ ጸጥ አለ። ሳሉ አልመጣም።

«ምን ትጠብቃላችሁ?» አሉ፣ እንባቸውን እየጠረጉ፤ «ቀጥሉ እንጂ!»