የቀኙ የእኔ ነው

— ሄሎ? … ሄሎ! … እውነቱ ልጄ፣ እኔ ነኝ፣ እናትህ ነኝ። የሚስትህን ስልክ እኔ ነኝ ያነሳሁት። … ደህና ነች፣ ደህና ነች፣ አትደንግጥ። ጋደም ብላ የልጆቹን ርግጫ እየቆጠርን ነበር፣ አሁን ነው የጨረስነው። ምሳ በላህ? … ሳትበላማ አትደውል! እዚያ ዱከም ቀኑን ሙሉ ማሽን ላይ ቆመህ እየዋልክ በባዶ ሆድህ …

— እሺ፣ እሺ፣ ወደ ቁም ነገሩ። የግራው አሥር ሞላ። የቀኙም አሥር ሞላ። … አዎ፣ የቀኙ የእኔ ነው። ምን ያስቅሃል? መንታ ከያዘች ተካፍለን ብንቆጥር ምናለበት? ነርሷ ‹ለየብቻ ይቆጠሩ› ብላ የለ? ተስፋነሽ እጇን በግራ፣ እኔ እጄን በቀኝ። እሷ በሷ ወረቀት፣ እኔ በእኔ ወረቀት።

— እኔማ አምስት ወልጄ አንዱንም ሆዴ ውስጥ ሳለ ቆጥሬ አላውቅም። አንተ ስትራገጥ ‹አርፈህ ተኛ› እልህ ነበር እንጂ ሰዓት አልጽፍልህም ነበር። … ግን ነርሷ ‹ስምንት ወር ገብታለች፣ መንታ ነው፣ እንቅስቃሴያቸው ከቀነሰ ሳትውሉ ሳታድሩ ኑ› ብላለች። እኔም እሺ ብያለሁ። እሺ ካልኩ እሺ ነው።

— ሄሎ? ትሰማኛለህ? … ከማሽኑ ራቅ በል፣ ይጮህብኛል። … አዎ፣ አሁን ይሰማል።

— እዚሁ ነች። ተስፉ፣ ባልሽ ነው፤ ‹ትንሽ ትተኛ› ይልሻል። … አልተኛም አለች። ‹እማማ የሳቸውን ሁልጊዜ ያስቀድማሉ› ብላ ከሰሰችኝ ደግሞ! … እውነቴን ነው፣ የእኔው ፈጣን ነው። ማክሰኞ ብቻ ነው ያሳፈረኝ። … ስምንት ላይ ቆመ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ጠብቄ ስምንት። ነግሬህ የለ? … አልነገርኩህም? እንግዲህ ረቡዕ አሥር ሲሞላ ምኑን ልንገርህ። ሐሙስ አሥር። ዛሬም ይኸው አርብ፣ አሥር።

— ምን? … ሰዓቱን ላንብብልህ? ለምን? … ኧረ አልተቆጣሁም። እሺ፣ ቆይ መነጽሬን። ተስፉ፣ መነጽሬ የታለ? … ራሴ ላይ ነው። እሷን ደግሞ ምን ያስቃታል።

— ይኸውልህ የእኔው። አምስት ከአምስት። አምስት ከአሥራ ሁለት። አምስት ከሃያ። አምስት ከሠላሳ አንድ … በቃ እንዲህ እያለ ነው የሚሄደው። … የሷንም? አምጪው ተስፉ፣ ያን ወረቀት። … አምስት ከአምስት። አምስት ከአሥራ ሁለት። አምስት ከሃያ። አምስት ከሠላሳ …

— …

— ቆይ፣ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ላድርጋቸው።

— አንድ ነው፣ እውነቱ። እስከ ታች ድረስ አንድ ነው።

— ኧረ አልገለበጥኩም! እናትህ ትገለብጣለች? እጄ ሥር ሲሰማኝ ነው የምጽፈው። እሷ ‹እህ› ትላለች፣ ወዲያው እጄ ሥር ንቅንቅ ይላል፣ እጽፋለሁ። … እሷ ‹እህ› ባላለች ጊዜ? … እሷ ‹እህ› ባላለች ጊዜ …

— ቆይ፣ የረቡዕን ልየው። … አንድ ነው። … የሐሙስም አንድ ነው። … የማክሰኞው ለየቅል ነው። የሰኞም ለየቅል። ከረቡዕ ወዲህ ነው።

— ምን ማለት ነው ትለኛለህ እንዴ? ምን ማለት እንደሆነማ ሁለታችንም ገብቶናል። ሦስት ቀን ሙሉ አንዱን ልጅ ሁለት ጊዜ ቆጥረነዋል። የግራው ሲራገጥ ሆዷ እስከ ቀኝ ድረስ ይናወጣል፤ እኔ ደግሞ ‹የእኔው ነው› እላለሁ። የእኔውን … የእኔውን ማንም አልቆጠረውም።

— አታልቅሺ ተስፉ። አንቺ ምን አጠፋሽ? … እውነቱ፣ ‹የትኛቸው እንደሆኑ መለየት አቅቶኝ ነበር፣ እማማ እርግጠኛ ስለነበሩ ዝም አልኩ› ትላለች። ሰማህ? እርግጠኛ ስለነበርኩ! አፈር ልብላ!

— አትጩህብኝ። ስማኝ … ስማኝ እኮ ነው የምልህ! አሁኑኑ እንሄዳለን። … ባጃጅማ አይሆንም፣ ይሄን ኮረኮንች በባጃጅ! ጎረቤታችን ኦቦ ኢፋ መኪናቸውን ሲያጥቡ አይቻቸዋለሁ። ቆይ፣ በመስኮት ልጥራቸው። ኦቦ ኢፋ! ማሎ፣ ኮታ! … እባክዎ ይምጡ፣ መኪናውን! ሆስፒታል ነው፣ ልጅቷን! … አዎ፣ አሁን! ገለቶማ፣ እግዜር ይስጥልኝ! … ይመጣሉ። ሳሙናውን ሳያለቀልቁ ተነስተዋል።

— እስኪያዞሩት ድረስ … ተስፉ፣ እጅሽን በግራ አድርጊ። እኔ በቀኝ። አሁን ‹እህ› እንዳትይ። ምንም ቢሰማሽ አፍሽን እንዳትከፍቺ፣ እሺ የኔ ልጅ? እውነቱ፣ አንተም ዝም በል።

— …

— ምንም።

— አለሁ። … እየጸለየች ነው፣ በከንፈሯ ብቻ። እሷ ጌታዋን ትጥራ፣ እኔም እመብርሃንን እጠራለሁ። ዛሬ ማን ቀድሞ ሰማ ብለን አንጣላም።

— መንገር የነበረብኝ ማክሰኞ ነበር። አውቃለሁ። … ስምንት ላይ ሲቆም አንዳች ነገር እንዳለ ጠርጥሬ ነበር። ሳትውሉ ሳታድሩ ተብዬ አደርኩ። ለምን መሰለህ? የሷ አሥር ሞልቶ የእኔ ሲጎድል አፈርኩ። ሰው ገና ባልተወለደ ልጅ ይፎካከራል? እናትህ ተፎካከረች። በማግስቱ ሲሞላልኝማ ደስታዬ! … ተው፣ አታባብለኝ። አሁን ማባበል አይደለም የሚያስፈልገኝ።

— አንተ? ወደ ቤት ሰበታ አትምጣ፣ ተስፉ ክትትል ወደምታደርግበት ሆስፒታል በቀጥታ ና። … ዓለም ገና ላይ መንገዱ ቢዘጋም ኦቦ ኢፋ አቋራጩን ያውቁታል። … አለቃህ አልፈቅድም ካለ ስልኩን ስጠው፣ እኔ አነጋግረዋለሁ።

— መጣ፣ መኪናው መጣ። ካርዷን ይዣለሁ። ተስፉ፣ ቀስ ብለሽ ተነሺ … እኔ ላይ ተደገፊ … ነጠላሽን ተይው፣ እኔ አነሳዋለሁ … ቆይ።

— ቁሚ ተስፉ። እንዳለሽ ቁሚ።

— … በግራ በኩል ተሰማሽ? በግራ፣ እጅሽ ሥር? … ምንም? ጭራሽ?

— እውነቱ። በእኔ በኩል ነው። … ቀስ ያለ ነው፣ ጨርቅ ሥር እንዳለች ጫጩት። አንድ ጊዜ። አንድ ጊዜ ብቻ። የግራው ዝም እንዳለ ነው። … አዎ፣ ብቻውን!

— አትደሰት! አትደሰት አልኩህ። አንድ አንድ ነው፣ አሥር አይደለም። ‹ተሻለው› ብዬ ዳግመኛ አላድርም፣ እንሄዳለን። … አላለቅስም። መነጽሬ ነው።

— ጻፍ። እስክሪብቶ አለህ? … እጅህ ላይ ጻፈው! ለሰባት አምስት ጉዳይ። ከጎኑ ‹የቀኙ፣ ብቻውን› በል። … ለሐኪሟም እንደዚሁ ነው የምነግራት፤ ከማክሰኞ ጀምሬ፣ አንድም ሳልደብቅ።

— ኦቦ ኢፋ፣ የኋላውን በር ይክፈቱልን! … አይ፣ ልዘጋው ነው። … መንገድ ላይም አላወራህም። … እውነቱ፣ ያለኝ ሁለት እጅ ነው። በአንዱ እሷን እደግፋለሁ፣ ሌላውን ከልጁ ላይ አላነሳም። ስልክ የምይዝበት የለኝም። ዝጋ።