የእንግዳ ዓይንና የምራቷ እንቅልፍ

ዝናቡ ሳይታሰብ ዱብ ባለበት በዚያ ከሰዓት በኋላ መንገደኛው ሁሉ ባገኘው ጥግ ሲሸጎጥ፣ አንዲት ወጣት ነጭ ጋዋኗን በብብቷ ሸጉጣ እየሮጠች መጥታ ከአንድ ፍራሽና ትራስ መሥሪያ ሱቅ ደጃፍ ተጠለለች። ውስጥ ተቀምጠው ጥጥ ያፍታቱ የነበሩት ባለሱቅ ቀና ብለው አዩዋት። ሴትዮዋን ሰፈሩ በሙሉ «እማማ ትራስ» ይላቸዋል። ስሙን ያወጡላቸው ልጆች ናቸው፤ እሳቸው ግን ከተቀበሉት ቆይተዋል። «የስንቱ ራስ የሚያርፈው በእኔ እጅ ሥራ ላይ አይደል? ምን ያስቆጣኛል!» እያሉ ይስቃሉ።

«አንቺ፣ ድምቢጥ አይደለሽም እንዴ?» አሉ ዓይናቸውን አጥብበው።

«ነኝ እማማ! እንዴት አወቁኝ?»

«ምነው አላውቅሽ? ከዚህ ጥጥ ላይ ስትዘይ ስንቴ አባርሬሻለሁ! ግቢ፣ ግቢ፣ እዚያ ፍራሹ ላይ ተቀመጪ። መዝለል ግን የለም። ነርስ ሆናለች ሲሉ ሰማሁ፤ የት ነው የምትሠሪው?»

«የሚጥል በሽታ ያለባቸው ሰዎች በሚታከሙበት ክፍል ነው» አለች ድምቢጥ እየተቀመጠች።

የእማማ ትራስ እጅ ጥጡ ላይ ቀረ። ከመጋረጃው ጀርባ ምራታቸው የፍራሽ ጨርቅ እየሰፋች ነበር፤ የስፌት መኪናው ድምፅ ይሰማል። ወደዚያ አንዴ ገልመጥ አሉና ወንበራቸውን ወደ ልጅቷ ሳብ አደረጉ።

«እንግዲያው ዝናቡን ፈጣሪ ነው ያዘነበልኝ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «የምራቴ ነገር ጨንቆኛል። ይኸው የሚጥለው በሽታ አለባት፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ነው። መድኃኒትም ትወስዳለች። ልጄ ሹፌር ነው፤ ወሩን ሙሉ መንገድ ላይ ነው የሚከርመው። ስለዚህ ከልጆቹ ሌላ እኔና እሷ ነን፣ እናትና ልጅ ሆነን የምንኖረው። ምራቴ ብዬ መጥራቱ ራሱ ያሳፍረኛል። ግን ምን ላድርግ? የእንግዳ ዓይን ሊጨርሳት ነው።»

«የእንግዳ ዓይን?»

«አትሳቂ! በግምት አይደለም የምልሽ፤ አይቼ ነው። ተራውን ቀን ደህና ናት። እንግዳ ሊመጣ ነው የተባለ እንደሆነ ግን ወይ እዚያው እንግዳው ፊት፣ ወይ እሱ ወጥቶ ሳይርቅ ትወድቃለች። አንዴ ቢሆን አጋጣሚ ነው እላለሁ። ይኼ ግን ሲደጋገም በዓይኔ ያየሁት ነው። ስለዚህ በሬን ዘጋሁ። እኔ ሰው ካላየሁ ምግብ የማይዋጥልኝ ሴት፣ ደጄ የመጣውን ሁሉ 'ዛሬ አይመቸንም' እያልኩ መመለስ ሥራዬ ሆነ። የፊታችን እሑድ ግን የትንሿ ልጄ እጮኛ ወላጆች ሊተዋወቁን ይመጣሉ። እነሱን እንዴት ብዬ ልመልስ? እና ምራቴን ከማለዳው እህቷ ቤት ልልካት ቆርጫለሁ። አፍሬባት አይደለም። ፈርቼላት ነው እንጂ።»

የስፌት መኪናው ድምፅ ቀጥ አለ። እማማ ትራስ አልሰሙትም፤ ድምቢጥ ግን ሰማችው።

ሌላ የተማረ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ሳቁ ያመልጠው ነበር፤ ወይም «ይኼ የኋላ ቀር ወሬ ነው» ብሎ ነገሩን ይዘጋ ነበር። ነገር የሚበላሸውም እንዲህ ሲሆን ነው፤ የተናቀ ሰው ጆሮውን ይደፍናልና። ድምቢጥ ግን በሥራዋ አንድ ነገር ተምራለች። በሽተኛ የምታስታምም ሴት ዓይን ሐኪሙ የማያየውን ያያል።

«ያዩት ልክ ነው እማማ» አለች።

«አየሽ!»

«ሕመሙ ከእንግዳ ጋር ይመጣል፤ ይህን አልክድዎትም። ግን እንግዳው ብቻውን ነው የሚመጣው? አብሮት የሚመጣ ሌላ ነገር ቢኖርስ? እስቲ ይንገሩኝ፤ እንግዳ ሳይኖር ወድቃ አታውቅም?»

አሮጊቷ አሰብ አደረጉ። «አንድ ጊዜ… ልጇ፣ የልጅ ልጄ ማለት ነው፣ በትኩሳት ሲነድ የሰነበተ ጊዜ ወድቃለች። ያኔም ግን ጎረቤቱ ሁሉ ሊጠይቀን መጥቶ ነበር።»

«ጎረቤቱ የመጣው ከመውደቋ በፊት ነው ወይስ በኋላ?»

«እ… በኋላ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «መውደቋን ሰምተው ነው የመጡት።»

«ታዲያ ያን ጊዜ የማን ዓይን ጣላት?»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። እማማ ትራስን ነገሩ ከነከናቸው።

«ልጁ ሲታመም ማን ነበር አጠገቡ የሚያድረው?» ቀጠለች ድምቢጥ።

«እሷ ናት እንጂ! እኔን አስተኝታ እሷ ቁጭ ብላ ታነጋለች።»

«እንግዳ ሲመጣስ ዋዜማውን እንዴት ነው የምታሳልፈው?»

የመለሰው ሌላ ድምፅ ነበር። ምራታቸው መጋረጃውን ገልጣ ቆማለች፤ ቁራጭ ክር ትከሻዋ ላይ ቀርቷል፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«አልተኛም» አለች። «ወለሉን አጥባለሁ፣ ልብሱን እተኩሳለሁ፣ ማብሰሉ አለ። ከተኛሁም በኋላ 'ነገ እዚያ ሰው መሃል ብወድቅስ' እያልኩ ጣራ ጣራ ሳይ ይነጋል። ጠዋትም እህል አልቀምስም፤ ሽቅብ ቁልቁል ስል ይረሳኛል። ደግሞ… ደግሞ የጠዋቷን ኪኒን አልውጣትም።»

«ምን?» አሉ እማማ ትራስ ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው።

«ስለምታደነዝዘኝ ነው እማዬ። እንግዳ ፊት አፌ ተሳስሮ እንዳላሳፍርሽ ብዬ ነው። ለአንድ ቀን ብትቀር ምንም አይደል እያልኩ…»

እማማ ትራስ ሊቆጡ ፈልገው ቁጣው ከወዴት ይምጣ? ልጅቷ ይህን ሁሉ የተሸከመችው ለእሳቸው ክብር ስትል ነው። ሄደው ትከሻዋ ላይ ያለውን ክር አነሱላት፤ እጃቸው ግን እዚያው ቀረ።

ድምቢጥ ሁለቱም ሲረጋጉ ቀስ ብላ ተናገረች። «ነገሩ እንዲህ ነው እማማ። በሽታው የአንጎል ሕመም ነው። አንጎላችን ሥራውን የሚሠራው በረቂቅ የኤሌክትሪክ መልእክት ነው፤ ያ መልእክት ድንገት ሲናወጥ ሰውዬው ይወድቃል፣ ይንፈራገጣል፣ አንዳንዱም ፍዝዝ ብሎ ብቻ ይቀራል። ዓይን አይጥለውም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ነገር ግን ሕመሙን የሚቀሰቅሱ ነገሮች አሉ። እንቅልፍ ማጣት አንዱ ነው። መድኃኒት መዝለል ደግሞ ዋናው ነው። ጭንቀት አለ፣ ሳይበሉ መዋል አለ፣ ትኩሳት አለ፣ መጠጥ አለ። አንዳንዷ ሴት የወር አበባዋ ሲቃረብ ይብስባታል፤ ጥቂቱን ሰው ብልጭ ድርግም የሚል መብራት ያስነሣበታል። የአንዱ ከሌላው አይገጥምም። አንዳንዴም ቀስቃሹ ጨርሶ አይታወቅም።»

«እኔ እንግዳውን ስከስ…» አሉ እማማ ትራስ።

«እንግዳው ንጹሕ ነው። የዋዜማው ጣጣ ነው ጥፋተኛው።»

«ኪኒኗስ? እንዳትደነዝዝ ብላ እኮ ነው።»

«ይህን ለሐኪሟ ትንገር። መጠኑን ወይም ሰዓቱን ሊያስተካክልላት ይችላል፤ ሌላ መድኃኒትም ሊያስብላት ይችላል። በራሷ ፈቃድ መተው ግን ሕይወቷን አደጋ ላይ የሚጥል ነው። ነገ ጠዋት ይዘዋት ይምጡ፤ እኔ እጠብቃችኋለሁ።»

እማማ ትራስ ግን በቀላሉ የሚረቱ ሴት አይደሉም። «እሺ፣ ተኝታም፣ በልታም፣ ኪኒኗን ውጣም ብትወድቅስ?»

«ልትወድቅ ትችላለች፤ አትወድቅም ብዬ አልዋሽዎትም። ያኔ በጎኗ ያስተኟታል፤ ከራሷ ሥር ለስላሳ ነገር ያደርጋሉ፤ የሚያቆስላትን ነገር ያርቃሉ።»

«ማንኪያ በጥርሷ መሃል አደርግ ነበር።»

«ከእንግዲህ ማንኪያ ለሾርባ ብቻ ነው እማማ! አፏ ውስጥ ምንም አይከተቱ፤ በጉልበትም አይያዟት። ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳትነቃ ከደገማት ሐኪም ቤት ያድርሷት። ከዚያ ውጪ ያለው ነገር አጠገቧ ሆኖ መጠበቅ ነው።»

በማግስቱ ሐኪም ቤት ሄዱ፤ ሐኪሙም የመድኃኒቱን ሰዓት አስተካከለላት። ቅዳሜ ሲደርስ ቤቱ ሌላ መልክ ያዘ። ወለሉን ሙሽሪት ልትሆን ያለችው ትንሿ ልጅ አጠበች፤ ማብሰሉን እማማ ትራስ ራሳቸው ያዙት። ምራታቸው ገና በጊዜ አልጋዋ ውስጥ ገባች። እሳቸውም በሩ ላይ ወንበር ስበው ተቀመጡ፤ የልጅ ልጃቸው ኮሽ ባደረገ ቁጥር ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ ያደርጋሉ። ጠዋት ቁርሷን አስበልተው፣ ኪኒኗን በእጃቸው አስውጠው፣ አዲስ ቀሚሷን አለበሷት።

እንግዶቹ መጡ። የእጮኛው እናት ምራቲቱ ቁጭ እንዳለች አይታ፣ «እዚህ ቤት ምራት ሥራ አይበዛባትም ማለት ነው» ስትል ቀለደች። እማማ ትራስ ድሮ ቢሆን በሆነ ሰበብ ያድበሰብሱት ነበር።

«የሚጥል በሽታ አለባት» አሉ፣ ድምፃቸው ሳይርድ። «ድካምና እንቅልፍ ማጣት ይቀሰቅስባታል፤ ስለዚህ ዛሬ እንግዳ ተቀባዩ እኔ ነኝ። እሷ ደግሞ ጨዋታ አዋቂያችን ናት።»

የእጮኛው አባት ወንበሩን ወደ ምራቲቱ አስጠግቶ፣ «ጨዋታ ከሆነማ እኔ እዚህ ነኝ» አለ። ቀኑ በሳቅ አለፈ፤ በማግስቱም ደህና ዋለች።

እንዲህ ሆኖ የተዘጋው ቤት ተከፈተ። ምራቲቱ በጊዜ መተኛቷና መድኃኒቷን አለመዝለሏ የመውደቂያዋን ጊዜ አራራቀው። ከዚህ የበለጠ ግን ሌላ ሸክም ወረደላት፤ ደጅ በተንኳኳ ቁጥር መደንገጥ ቀረ። ሕመሙን መደበቅ ሲቀር እንቅልፍ የሚነሣው ፍርሃት አብሮ ቀለለ። እማማ ትራስም ትራስ ሊገዛ ለመጣው ሁሉ «ኪኒን እንዳትዘሉ፣ እንቅልፍ እንዳታጡ» እያሉ ሲሰብኩ፣ ደንበኞቻቸው ሱቁ ክሊኒክ ሆነ እንዴ ይሏቸው ጀመር።

ከወራት በኋላ፣ ማንም በማይጠበቅበት ተራ ጠዋት፣ ምራቲቱ ጨርቅ ስታጥፍ ወደቀች። ተኝታ ነበር፣ በልታ ነበር፣ መድኃኒቷንም ውጣ ነበር። እማማ ትራስ አልጮኹም፤ የሚከሱትም ሰው አልፈለጉም። መቀሱን ከአጠገቧ አራቁ፣ በጎኗ አስተኟት፣ መሬት ላይ አብረዋት ቁጭ ብለው ፀጉሯን እየዳበሱ ጠበቁ። መንፈራገጡ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ቆመ፤ ትንፋሿም ተስተካከለ።

ዓይኗን ስትገልጥ ፊታቸውን ፈለገች።

«እማዬ… ሰው መጥቶ ነበር?»

«ማንም አልመጣም ልጄ» አሉ፣ ላቧን በእጃቸው እየጠረጉ። «ቢመጣም ግባ ነበር የምለው።»