እምምም ባዩ የየኔታ ማጉያ

በእኛ ጊዜማ ራዲዮ ተከፍቶ ወዲያው አያወራም ነበር፤ አምፖሎቹ እስኪሞቁ ቁጭ ብለን እንጠብቃለን፣ እና መጀመሪያ ቀላ ይላሉ፣ ከዚያ እምምም ይላል፣ ከዚያ ነው ሰውዬው «ጤና ይስጥልኝ» የሚለው። ዛሬ ስልካችሁን ነካ ስታደርጉት ይለፈልፋል። እኔ አልወደውም፤ ትዕግሥት የሌለው ነገር አልወድም። አንቺ ሰብለ፣ አትሳቂ። ያ ከደሴ ይዘሽው የመጣሽው፣ በአምፖል የሠራሽው የማዳመጫ ማጉያ ምን ይላል? እምምም ይላል አይደል? እና ግራና ቀኙ እኩል አይሰማም አይደል? በይ እንግዲያው ሳትፈቺው በፊት የየኔታ ጥበቡን ነገር ላጫውትሽ።

የኔታን ታውቋቸዋላችሁ፣ እዚሁ መካነ ሰላም ዜማ የሚያስተምሩት። ታዲያ አምና ከፍልሰታ በፊት ወደኔ መጡ። በመቋሚያቸው በሬን ኳ! ኳ!

«ይመር! አለህ?»

«አለሁ የኔታ፣ ይግቡ።»

«አልገባም፣ ተናድጃለሁ!»

«ገብተውም መናደድ ይችላሉ» አልኳቸው፣ እና ገቡ።

ነገሩ ምን መሰላችሁ፣ አንድ ረጅም ዜማ አለች። የኔታ ይቺን ዜማ በአንድ ትንፋሽ ነው የሚያስተምሩት። ተማሪው ፊቱ ይቀላል፣ ዓይኑ ይፈጣል፣ መሐል ላይ ይቆረጥበታል፤ እሳቸው ደግሞ «ደካማ! መምህሬ በአንድ ትንፋሽ ነበር የሚወጧት!» ይላሉ። ታዲያ ወግዲ ላይ ሌላ መሪጌታ አለ፣ ከአንድ መምህር አብረው የተማሩ፣ ጓደኛቸው ነው። እሱ «መምህራችን መሐል ላይ ይተነፍሱ ነበር» ብሎ ያስተምራል። የሁለቱ ተማሪዎች ገበያ ላይ ተገናኙና ተጨቃጨቁ፣ ያውም በዱላ ሊሆን ምንም አልቀረውም።

«እና እኔ በተማሪዎቼ ፊት ማልኩ» አሉ የኔታ። «ተሳስቼ ከተገኘሁ ወንበሬን እለቃለሁ ብዬ ማልኩ።»

«ለምን ይምላሉ የኔታ?»

«ተናድጄ ነዋ!»

ከዚያ ከነጠላቸው ሥር ካሴት አወጡ። ሟቹ መምህራቸው በሕይወት እያሉ የተቀዳ ነው፣ ያቺም ዜማ አለችበት። የኔታ ቴፑ ላይ ቢከፍቱት ድምፁ ደክሞ አይለይም፤ ትንፋሽ ይኑር አይኑር ማን ያውቃል። «ጆሮዬ ድረስ አምጣልኝ» አሉኝ። ተመልከቱ እንግዲህ፣ ሰውዬው የኖሩበት ወንበር በኔ እጅ ገባ። እኔ ደግሞ እምቢ ማለት አልችልበትም፣ ወላሂ አልችልበትም።

ታዲያ መጋዘን ውስጥ የሞቱ ባለ አምፖል ራዲዮኖች ነበሩኝ። አምፖሎቹን ነቀልኩ፣ ትራንስፎርመሩን ነቀልኩ፣ የዘይት ቆርቆሮ ገልብጬ ሁሉም የሚሰካበት መደብ፣ ሻንሲ አደረግሁት፣ እና ያን የድሮ ከባድ ማዳመጫ ሰካሁበት። ቆንጆ ነበር፣ እኔስ ስወደው! ለየኔታ ቤታቸው ድረስ ወሰድኩላቸው፣ ሞቀ፣ ማዳመጫውን በጥምጣማቸው ላይ አጠለቅኩላቸው። አዳመጡ። ፊታቸው ተኮሳተረ።

«ይመር፣ ይኼ ሰውዬ ማነው?»

«የቱ ሰውዬ?»

«ከመምህሬ ሥር ሆኖ እምምም የሚለው። ደግሞ ዜማ አያውቅም!»

ሳቅሁ፣ እና ተቆጡ። «አትሳቅ! ሁለት ናቸው እንጂ አንድ መቼ ሆኑ። አንዱ ወፍራም ነው፣ ሁለተኛው ያንኑ ድምፅ ከፍ አድርጎ ይከተለዋል።»

እኔ ሳቄ ቆመ። ለምን? ሁለቱ እምምም ከሁለት ቦታ ነዋ የሚመጡት! ቀጭኑ ኃይሉን የሚያጠራው ካፓሲተር ሲደክም ነው። ወፍራሙ ደግሞ አምፖሎቹን ከሚያሞቀው ሽቦና ከትራንስፎርመሩ ነው የሚሾልከው። እኔ ሁለቱም ተደባልቀው አንድ ጩኸት ነበር የሚሰማኝ። እሳቸው ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ የተማሪን ድምፅ ከተማሪ ሲለዩ የኖሩ ናቸው፤ ለያዩልኝ።

ካፓሲተሩን ቀየርኩ። «አንደኛው ሄደ» አሉ። ማሞቂያ ሽቦዎቹን እንደ ሹሩባ ጎነጎንኳቸው። «ወፍራሙ ቀነሰ፣ ግን አለ።» ከዚያ ቆርቆሮው ላይ እዚህም እዚያም የበየድኩትን የግራውንድ ሽቦ ሁሉ ፈትቼ አንድ ቦታ ሰበሰብኩት። በመጨረሻ የትራንስፎርመሩን ብሎን አላላሁና በደረቅ እንጨት ቀስ እያልኩ አዞርኩት፤ ሰብለ፣ በእጅሽ እንዳትነኪው፣ ይገድላል። እኔ ሳዞር የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው በመቋሚያቸው ወለሉን መታ መታ ያደርጋሉ። «ቀጥል… ቀጥል… አለፍከው፣ ተመለስ… ቁም!» ቆምኩ። ዝም አለ። እምምም የለ፣ ምን የለ። እኔ ደስ ብሎኝ ልጨፍር ምንም አልቀረኝም።

«በሉ እንግዲህ ዜማይቱን እንስማ» አልኩ።

«ቆይ» አሉ። «ግራው ሩቅ ነው። መምህሬ ወደ ቀኝ ሄደዋል።»

«በቀኙ ይስሙዋ!»

«አልሰማም! ሁለቱም ጆሮዬ እኩል ሳይመሰክር አልፈርድም። ምዬበታለሁ እኮ!»

ወይ ጣጣ። የግራውን አምፖል ከቀኙ አቀያየርኩ። «ያው ግራው ነው።» የቮሊዩሙን መዘውር ፈትቼ ጠረግሁት። «ያው ነው።» ቤቴ ወስጄ ሙሉውን ፈታሁት፣ እና ለኔ እኩል ነው! ተመልሼ ሄድኩ። «ግራው ሩቅ ነው» አሉ። አሁንስ እኔም ተናደድኩ።

«የኔታ፣ እኩል ነው እኮ እያልኩ ነው!»

«ጆሮህ አርጅቷል!»

«የኔ ነው ያረጀው?»

እና በንዴት ማዳመጫውን ከራሳቸው ላይ አንሥቼ ገለበጥኩት፤ የግራውን በቀኝ፣ የቀኙን በግራ አድርጌ መልሼ አጠለቅኩላቸው። «አሁንስ የቱ ነው ሩቁ?»

«ግራው» አሉ።

  ግራ የነበረው ማዳመጫ ቀኝ ሆኗል፣ እሳቸው ግን አሁንም ግራው ይላሉ። ጉድለቱ ከማጉያው አይደለም ለካ፤ እንዴት ብዬ እንደምነግራቸው ጠፋኝ። በኋላ ቀስ ብዬ፣ «የኔታ፣ ልጅ ሆነው ጆሮ ደግፍ ይዞዎት ያውቃል?» አልኳቸው።

«ይዞኛል። በዚህ በግራ በኩል አብጦ ሞት አፋፍ ደርሼ ነበር።»

«ከመምህርዎ በየት በኩል ነበር የሚቀመጡት?»

«በቀኛቸው። ቦታ ቦታችን የታወቀ ነበር።»

«ስለዚህ መምህሩ በእርሰዎ ግራ ነበሩ።»

እጃቸው ወደ ግራ ጆሯቸው ሄደ። «የወግዲውስ ጓደኛዎ?»

«እሱማ በወዲያ በኩል…» አሉና አቋረጡ።

ይኼኔ ባለቤታቸው ከጓዳ ሆነው ሲሰሙ ኖረው ብቅ አሉ፤ «ለካስ! እኔ ሁልጊዜ በግራህ ተቀምጬ ነው የምመክርህ!» የኔታ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፣ ግን የሳቸው ሳቅ አልዘለቀም። የቀኙን ማዳመጫ በመዳፋቸው ጥብቅ አድርገው ያዙና «ክፈተው» አሉ።

ከፈትኩት። ዜማይቱ መጣች። ከንፈራቸው አብሮ ይንቀሳቀሳል፣ መቋሚያቸው ይነሣል፣ ይወርዳል። መሐል ላይ ስትደርስ መቋሚያው አየር ላይ ቀረ። እንባቸው ዱብ አለ።

«ተነፈሱ» አሉ። «ይመር፣ መምህሬ እዚህ ላይ ተነፈሱ። እንደ ልጅ ቀስ ብለው ተነፈሱ። እኔ ስንቱን ልጅ ደካማ ብዬ አባረርኩ?»

 «አብሽር፣ አይዞዎት የኔታ» አልኳቸው። አዝነው ነበር፣ ግን ታዲያ የመምህራቸውን ትንፋሽ ሰምተዋል፤ ደጋግመው አስከፈቱኝ፣ እና ያቺ ትንፋሽ በደረሰች ቁጥር ፈገግ ይላሉ።

በነጋታው እኔም አብሬ ሄድኩ። የኔታ አልተቀመጡም። ተማሪዎቹ ፊት ቆመው «ተሳስቻለሁ። መምህሬ ይተነፍሱ ነበር። ወንበሩ ይኸው» አሉ፣ እና መቋሚያቸውን ወንበሩ ላይ አጋደሙት።  እኔ ይኼን ማጉያ ባልሠራሁት ኖሮ አልኩ በልቤ፣ እጄን በቆረጠው ኖሮ አልኩ።

ታዲያ ከኋላ አንድ ዲያቆን፣ ዜማይቱ ሁልጊዜ የምትቆረጥበት፣ ተነሣ። መቋሚያውን አንሥቶ በሁለት እጁ ሰጣቸው። «የኔታ» አለ፣ «አሁን ወግዲ ሄደን ነው ወይስ ከእርሰዎ ነው መተንፈስ የምንማረው?»

የኔታ አዩት፣ አዩት፣ እና ተቀመጡ። «ሁላችሁም በቀኜ በኩል ዙሩ» አሉ። ግርር ብለው ዞሩ። ዜማይቱን ጀመሩ፣ መሐሏ ላይ ሲደርሱ የኔታ እጃቸውን አነሡ፣ እና ያ ሁሉ ተማሪ በአንድ ጊዜ ተነፈሰ። ሰብለ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ስንት ራዲዮ አስጮኼያለሁ፣ እንደዚያች ያለ ድምፅ ግን ሰምቼ አላውቅም።