የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት

በአንድ የባሕር ዛፍ ዘይት ማውጫ ግቢ፣ እሳት ላይ በተጣደ የቅጠል በርሜል አጠገብ፤ ከከተማ የመጣችው የጥራት ተቆጣጣሪ ትርሲት እና ከአረቄ ወደ ዘይት የተዛወሩት የማኅበሩ ዋና አውጪ ወይዘሮ ዘርፌሽዋል።

ትርሲት፦ አልፈርምም አልኩ እኮ፣ እትዬ ዘርፌሽዋል። ገዢው ሲኒኦሉ ከመቶ ሰባ ይሁን ነው ያለው፤ የእርስዎ ዘይት አርባ ሁለት ነው።

ዘርፌሽዋል፦ አርባ ሁለት ምን ይለዋል? እኔ ስዳር ባሌ አርባ ሁለት ዓመቱ ነበር፤ አንሷል ብሎ የመለሰው የለም።

ትርሲት፦ ሲኒኦል ማለት ዘይቱን መድኃኒት የሚያደርገው ነገር ነው። ነገ የሚላከው ናሙና ከወደቀ ገዢው ይሄዳል፤ እርስዎም ከሥራው ይነሳሉ።

ዘርፌሽዋል፦ ቅጠሉን ጠይቂው። ቀይ ባሕር ዛፍ ቀላቅለውብኝ ይሆናል።

ትርሲት፦ አየሁት። ደጋ የበቀለ ንጹሕ ነጭ ባሕር ዛፍ ነው፤ ጥላ ውስጥ ነው የጠወለገው። ቅጠሉ ጥፋት የለበትም።

ዘርፌሽዋል፦ እንግዲያው ዝናቡ ነው። ዘንድሮ በዛ።

ትርሲት፦ ዝናቡን ከሥራ ማባረር አልችልም። በመጀመሪያ የሚወርደውን ዘይት ያሳዩኝ።

ዘርፌሽዋል፦ የመጀመሪያውን? እሱማ ይደፋል።

ትርሲት፦ ምን ይሆናል?

ዘርፌሽዋል፦ ከሽንት ቤቱ ጀርባ ይደፋል። የመጀመሪያው መርዝ ነው፤ ሠላሳ ዓመት አረቄ ሳወጣ ለሰው አጠጥቼው አላውቅም። የአንድም ደንበኛዬ ዓይን አልጠፋም።

ትርሲት፦ ለካ ሽንት ቤታችሁ ክሊኒክ ክሊኒክ የሚሸተው ለዚህ ነው። ይሄ እኮ አረቄ አይደለም፣ እትዬ። ሲኒኦሉ ቀድሞ ነው የሚወርደው። ዋናውን ለዝንብ ደፍተው እጣቢውን ለገዢ ያሽጋሉ።

ዘርፌሽዋል፦ አፍንጫ ይሰነጥቅ ነበር።

ትርሲት፦ የሚሸጠውማ የሚሰነጥቀው ነው። በቃ፣ «በአውጪዋ አለማወቅ» ብዬ ሪፖርት አደርጋለሁ። ከነገ ጀምሮ በእርስዎ ቦታ የተማረ ሰው ይተካል።

ዘርፌሽዋል፦ አድርጊ። የሥልጠናውን መመሪያ ግን ማን ነበር ያዘጋጀው?

ትርሲት፦ እኔ። አንብበውት ቢሆን ኖሮ እዚህ ባልደረስን።

ዘርፌሽዋል፦ አንብቤ ነው ግድግዳው ላይ የለጠፍኩት። ሦስተኛውን መስመር እስቲ አንቺ አንብቢልኝ፤ መነጽሬን አልያዝኩም።

ትርሲት፦ «በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት የሚወርደው ዘይት ተለይቶ ይወገድ።»

ዘርፌሽዋል፦ የመጨረሻዋን ቃል እስቲ ድገሚልኝ።

ትርሲት፦ «ይወሰድ» ነበር። እኔ «ይወሰድ» ማለቴ ነው።

ዘርፌሽዋል፦ ከሥሩ ያለው ፊርማ የማን ነው?

ትርሲት፦ የአንድ ፊደል ስሕተት እኮ ነው።

ዘርፌሽዋል፦ እኔ ደግሞ ዩኒቨርሲቲም አረቄ ማውጣት ያስተምራል ለካ ብዬ ኮርቼብሽ ነበር።

ትርሲት፦ ወረቀቱን ይንቀሉልኝና ሪፖርቱን እንደገና እናየዋለን።

ዘርፌሽዋል፦ በሙጫ ነው የለጠፍኩት፤ የትም አይሄድም። ይልቅ ቧንቧው ማንጠባጠብ ጀምሯል። ልውሰደው ወይስ ላስወግደው? በአፍሽ ንገሪኝ፤ ጽሑፍሽን አይተነዋል።