ሦስት ማዕዘን የተደረገበት እንቁራሪት

የምስክር ስም፦ ኢፍቱ ደሜ
ዕድሜ፦ 16
ሥራ፦ በልብስ ስፌት ቤት ተለማማጅ
የትምህርት ደረጃ፦ 7ኛ ክፍል
አድራሻ፦ ኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ፣ አየር ጤና
ቀን፦ ሰኞ ኅዳር 15 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 4፡00 ሰዓት
አብረው የቀረቡ፦ እናት ወ/ሮ ሰርኬ ጉዲሳ

እኔ በተጠርጣሪነት የተያዘው የሞቲ ደሜ ታናሽ እህት ነኝ። ቅዳሜ ኅዳር 13 ቀን ከቀኑ 10፡30 ሰዓት ገደማ ዓለም ባንክ ፌርማታ ላይ የሰፈራችን ነዋሪ የወ/ሮ ዋጋነሽ ሰብስቤ ቦርሳ ተነጥቋል። እሳቸውም ነጣቂው ሞቲን ይመስላል ብለዋል። በዚያ ሰዓት ወንድሜ የት እንደነበረ ተጠይቄ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ።

በዚያ ቀን ከቀኑ 9፡30 ሰዓት ከሞቲ ጋር በታክሲ ከአየር ጤና ወደ ጦር ኃይሎች ሄድን። የሄድነው እኔ ለምጫወተው የስልክ ጌም ነው። በጌሙ ሰው በእግሩ እየዞረ በስልኩ ላይ የሚታዩትን አውሬዎች ይይዛል። የተያዙበትን ቦታ፣ ቀንና ሰዓት ጌሙ ራሱ ይመዘግባል፤ ስማቸውን ግን ተጫዋቹ መለወጥ ይችላል። የሚመጡበት ስም በእንግሊዝኛ ስለሆነ ማንበብ ይከብደኛል። ከሦስት መቶ በላይ ስላሉኝም እንዳይደባለቁብኝ በስም ፈንታ ምልክት አደርግባቸዋለሁ። ክብ ብቻዬን የያዝኩት ነው። ሦስት ማዕዘን ከሞቲ ጋር ሆነን የያዝነው ነው። ምልክቱን የማደርገው ወዲያው እንደያዝኩ፣ እዚያው ቆሜ ነው። ሞቲ በዚህ ይስቅብኛል። "መዝገብ ቤት፣ ዛሬስ ስንት ፋይል ከፈትሽ?" ይለኛል። ከእሱ ሌላ ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ዛሬ ቃሌን ስጀምር ወንድሜ ከእኔ ተለይቶ እንዳልነበረ ተናገርኩ። ለማስረጃ ስልኬን ከፍቼ ቅዳሜ ከቀኑ 10፡25 ሰዓት ጦር ኃይሎች የተያዘ፣ ክንፍ ያለው እንቁራሪት የሚመስል አውሬ አሳየሁ። ስሙ ሦስት ማዕዘን ነበር። ቃሌን የሚቀበሉት ሳጅን ሙሉወርቅ የምልክቱን ትርጉም ጠይቀውኝ አስረዳኋቸው። ቀጥለው "ይቺን ምልክት ያደረግሽው መቼ ነው?" አሉኝ። እናቴ "ተናገሪ እንጂ ልጄ፣ አብራችሁ አልነበራችሁም?" አለች። ሳጅኗ "እናት፣ ይተዉአት፤ እሷ ትመልስ" አሏት። ከዚህ በኋላ የሚከተለውን ተናገርኩ።

ከቀኑ 10 ሰዓት ሲሆን ሞቲ "መጣሁ፣ ከዚህ እንዳትነቃነቂ" ብሎኝ መንገዱን ተሻግሮ ሄደ። እኔ አንድ የጫማ ሱቅ በር ላይ ቆምኩ። እንቁራሪቱን የያዝኩት ብቻዬን ሆኜ ነው፤ ያደረግሁበትም ክብ ነበር። ሞቲ የተመለሰው 11፡10 ላይ ነው። የት ነበርክ አላልኩትም። እኔ ሰው መጠየቅ አይሆንልኝም።

ሞቲ ቅዳሜ ማታ ተያዘ። እሁድ ጠዋት እናቴ እሱን ጠይቃ ከፖሊስ ጣቢያ ስትመለስ "ከኢፍቱ ጋር ነበርኩ ብሏል፤ ካንቺ የሚጠበቀው አዎ ማለት ብቻ ነው" አለችኝ። ክቡን አጥፍቼ ሦስት ማዕዘን አደረግሁ። ትምህርት ካቆምኩ ወዲህ ከቤት የሚያወጣኝ ሞቲ ብቻ ነው። ሦስት ማዕዘኖቹ እስከዚያ ቀን ሰማንያ ሦስት ነበሩ። ሰማንያ አራተኛውን በውሸት ስጨምር የቀሩትም ውሸት መሰሉኝ። አንድ በአንድ እየከፈትኩ አየኋቸው፤ የትኛው ቀን በእርግጥ አብሮኝ እንደነበረ ራሴን ማመን አቃተኝ።

ስለዚህ ወንድሜ ከ10፡00 እስከ 11፡10 ሰዓት ከእኔ ጋር አልነበረም። የት እንደነበረ አላውቅም። ቦርሳ ሲነጥቅ አላየሁም፤ ሲመለስም በእጁ ምንም አልያዘም። ይህን ከተናገርኩ በኋላ በሳጅኗ ፊት የእንቁራሪቱን ስም ወደ ክብ መልሻለሁ።

በመጀመሪያ የተናገርኩት ሐሰት ነው። ከዚያ በኋላ የተናገርኩት ግን ያየሁት ብቻ ነው፤ ወንድሜን ለመጥቀምም ሆነ ለመጉዳት የጨመርኩት የለም። ቃሌ ተነቦልኝ ትክክል መሆኑን አረጋግጬ ፈርሜአለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ ኢፍቱ ደሜ
ቃሉን የተቀበለች፦ ሳጅን ሙሉወርቅ ገብረማርያም

ማስታወሻ፦ ወ/ሮ ሰርኬ ጉዲሳ ቃሉ ሲነበብ አልፈርምም ብለው ወጥተዋል። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ተመልሰው ከልጃቸው አጠገብ ተቀምጠው ፈርመዋል።

የእናት ፊርማ፦ ሰርኬ ጉዲሳ