ሌባውን በጭብጨባ ስለሸኘንበት የሐሙስ ትምህርት

የምስክር ቃል

የምስክሯ መጠሪያ፦ በደንበኞቿና በሠፈሩ ዘንድ «እትዬ ቢጎዲን»፤ የመታወቂያ ስሟ በመዝገቡ ተይዟል
ዕድሜ፦ 43
ሥራ፦ የሴቶች ፀጉር ሠሪ
አድራሻ፦ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ማዶ፣ ከቋንቋ ትምህርት ቤቱ ሁለት በር አለፍ ብሎ
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ቅዳሜ ረፋድ
ቃሉን የተቀበለው፦ ተረኛ መርማሪ፣ ረዳት ሳጅን
ጉዳዩ፦ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤቱ ስለተሰረቀ የእጅ ቦርሳ

እኔ ከላይ የተጠቀስኩት ምስክር ማንም ሳይጠራኝና ሳያስገድደኝ በገዛ እግሬ ቀርቤ የሚከተለውን ቃል እሰጣለሁ። የመጣሁት የትምህርት ቤታችን የጥበቃ ሠራተኛ «ከሌባው ጋር ተመሳጥሯል» ተብሎ ከሐሙስ ጀምሮ ስለታሰረ ነው። ይህ ሰው ሻምበል እየተባለ ይጠራል፤ ወታደር ሆኖ አያውቅም፣ ቀጥ ብሎ ስለሚቆም ብቻ የወጣለት ስም ነው። ሰኞ ጠዋት በአንድ ሆቴል የጥበቃ ኃላፊ ለመሆን የቃል ፈተና አለበት፤ ፈተናውም በእንግሊዝኛ ነው። እስከዚያ ካልተፈታ ቦታው ለሌላ ሰው ስለሚሰጥ ቸኩያለሁ። ረዳት ሳጅኑ የሚጽፉበት እጃቸው እንዳልደረሰብኝ ገልጸው ቀስ ብዬ እንድናገር አሳስበውኛል።

ስለ ትምህርቱ ሳልናገር ስለ ስርቆቱ ብናገር የሚያምነኝ ስለማይኖር ከትምህርቱ እጀምራለሁ። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ደንበኛ ቀዝቀዝ በሚልበት ሰዓት፣ እንግሊዝኛ እማራለሁ። ከዚያ በፊትም እንግሊዝኛ አላውቅም ነበር ማለት አይደለም፤ አውቅ ነበር፣ ግን የማውቀው የዛሬውን ብቻ ነበር። የውጭ አገር ደንበኞች ማድረቂያው ሥር ተቀምጠው ትናንት የት እንደዋሉ ሲያጫውቱኝ እኔ «ዛሬ ቆንጆ ነሽ» ከማለት አላልፍም። ትናንት የሚባል ነገር አልነበረኝም። ባለቤቴ ካረፈ ዓመታት አልፈዋል፤ በእኔ እንግሊዝኛ ግን እስካለፈው ወር ድረስ በየቀኑ ይሞት ነበር።

መምህራችን ወጣት ናት፤ ግን አያያዙን ታውቅበታለች። ያለፈ ነገር ስንናገር ግሦቹ ምን እንደሚሆኑ ለሁለት ከፍላ አስተማረችን። አንደኞቹን ጨዋዎቹ አልናቸው፤ መጨረሻቸው ላይ አንዲት ጭራ ተቀጥላላቸው ያለ ጭቅጭቅ ወደ ትናንት ይሄዳሉ፤ «ኦፕን» የነበረው «ኦፕንድ» ይሆናል፣ አለቀ። ሌሎቹን ዱርዬዎቹ አልናቸው፤ መልካቸውን ቀይረው ድራሻቸው ይጠፋል። «ጎ» ሲባል የኖረው «ዌንት» ሆኖ ይመጣል፣ «ቴክ» «ቱክ» ይሆናል። ረዳት ሳጅኑ በዚህ ላይ አቋርጠውኝ የዱርዬዎቹን ብዛትና የሚውሉበትን ቦታ እንድገልጽ ስለጠየቁኝ፣ ግሦች እንጂ ሰዎች አለመሆናቸውን አስረድቻለሁ።

ይህን ባወቅሁ ሰሞን የነበረኝን ደስታ ለመግለጽ ቃል ያጥረኛል። ከክፍል ወጥቼ እስከ ሱቄ ስሄድ «ዎክድ፣ ዎክድ» እያልኩ ነበር የምራመደው። ፀጉር አጥቤ ስጨርስ «አይ ዎሽድ» እላለሁ፤ ደንበኞቼ «እሺ ገብቶናል እትዬ» ብለው ይስቁብኛል። «ማይ ሀዝባንድ ዳይድ» ብዬ በትክክል የተናገርኩ ቀን ክፍሉ አጨበጨበልኝ፤ እኔም ደስ ብሎኝ ብድግ ብዬ እጅ ነሳሁ። ያፈርኩት ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ቦርሳው እገባለሁ። መምህራችን «ስላለፈ ነገር ለማውራት መጀመሪያ የሚያልፍ ነገር ያስፈልጋል» ትላለች። ስለዚህ ዘወትር ሐሙስ ሐሙስ ስርቆት እንሠራለን። የእጅ ቦርሳዋን በሩ አጠገብ ካለችው ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ታስቀምጣለች። ከመካከላችን አንዱ ሌባ ሆኖ ይገባል፣ ቦርሳውን ይመነትፋል፣ ደረጃውን ወርዶ ይሮጣል፣ ሻምበል የግቢውን በር ይከፍትለታል፣ ሌባው ከውጭ ትንሽ ቆይቶ ይመለሳል። ከዚያ እያንዳንዳችን ያየነውን በአንድ አንድ ዓረፍተ ነገር እንናገራለን፤ አንዱ ያየውን ሌላው መድገም አይችልም። ሌላው ሕግ ደግሞ ሌባው ሲሰርቅ ከወንበር መነሣትና መጮህ ክልክል ነው። «ዓይናችሁ ይሥራ፣ እግራችሁ ይረፍ» ትለናለች። እኛም ይህን ሕግ አክብረን ነው ጉድ የሆንነው።

ሌባ የሚሆኑት አብዛኛውን ጊዜ አናጢው አባባ ናቸው። ሥራውን ይወዱታል፤ ነገር ግን ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ደረጃውን የሚወርዱት መደገፊያውን ይዘው፣ «እንደምን ዋላችሁ» እያሉ ነው። ሻምበል ደግሞ ተመዝጋቢ ተማሪ አይደለም። የክፍላችን መስኮት ከግቢው በር በላይ ስለሆነ እታች ቆሞ ይሰማል፤ ዓረፍተ ነገሩንም ከታች ወደ ላይ ይልክልናል። የሮጠ ሰው ሲያይ ምንጊዜም «ሂ ረን» ነው የሚለው። መምህራችን በመስኮት ብቅ ብላ «ትናንት ነው እኮ ሻምበል፤ ‹ራን› ነው» ስትለው ግንባሩን በመዳፉ ይመታል። ሆቴሉ «ከዚህ በፊት ምን ሠራህ?» ብሎ እንደሚጠይቀው ስለሚያውቅ ነገሩ እንቅልፍ ነስቶት ነበር።

ሐሙስ ዕለት እኔ ቀደም ብዬ ደረስኩ። በግቢው በር ላይ መምህራችን ሻምበልን ስታነጋግረው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። «ሻምበል፣ ዛሬ የእህቴ ልጅ ይመጣል፤ አያውቁትም። ተማሪዎቹ አባባን ስለለመዷቸው ዓይናቸው ሰንፏል። ሲገባ ማነህ እንዳይሉት፣ እየሮጠ ሲወጣም ይክፈቱለት» አለችው። እሱም «እሺ ቲቸር፣ በደስታ» ብሎ መለሰ። እኔ ጨዋታው እንዳይበላሽ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።

ክፍል ከገባን በኋላ መምህራችን ጀርባዋን ሰጥታን ሰሌዳው ላይ «ዲድ ኖት» የሚል አዲስ ትምህርት ትጽፍ ነበር። በዚህ ጊዜ ረዘም ያለ ሰው በተከፈተው በር ገባ። እጁን ቦርሳው ላይ አሳርፎ ቀና ሲል ሁላችንም እጃችንን አጣጥፈን፣ ፈገግ ብለን እያየነው ነበር። ሌባው ክው ብሎ ቆመ። እንዲህ ያለ አቀባበል ገጥሞት የሚያውቅ አይመስለኝም። እኔም አዲስ ስለሆነ ፈርቶ ነው ብዬ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ አይዞህ ለማለት ራሴን ነቀነቅኩለት። ያን ጊዜ ቦርሳውን ይዞ ቀስ ብሎ ወጣና ደረጃው ጋ ሲደርስ እግሬ አውጪኝ አለ። አባባ አናጢው ሥራቸውን የተቀሙ ስለመሰላቸው ቅር ብሏቸው «መሮጥ የነበረበት ከዚህ ጀምሮ ነው» ሲሉ ሰምቻለሁ።

መምህራችን በእግር ኮቴው ዞር ብላ ባዶውን ጠረጴዛ አየችና ደስ ብሏት እጇን አፋተገች። «ጀምሩ» አለችን። ጀመርን። እኔ «ኤ ማን ኬም» አልኩ። አብራን የምትማረው ነርስ አረንጓዴ ጃኬት መልበሱን ተናገረች። ባለ ታክሲው «ሂ ቱክ ዘ ባግ» አለ። እንደዚያ ቀን አምሮልን አያውቅም፤ አንዱ ሳይጨርስ ሌላው ይቀበላል፣ ዱርዬዎቹ ሁሉ ታዘዙልን። የእኔ ወንበር መስኮቱ ሥር ስለሆነ ወደ ታች ሳይ ሻምበል በሩን ከፍቶ፣ የሚሮጠውን ሰው ትከሻውን መታ መታ አድርጎ «ጎበዝ» አለው። ከዚያ ወደ እኛ ቀና ብሎ፣ አንገቱን አስግጎ፣ «ሂ ራን» አለ።

በትክክል ነው ያለው። መምህራችን ወደ መስኮቱ ሮጣ «ማነው ያለው?» ስትል እሱ እጁን አወጣ፤ እኛም ከወንበራችን ተነሥተን አጨበጨብንለት። ማዶ ያለችው ፍራፍሬ ሻጭ «ዘበኛው ሌባውን በሳቅ ሸኘው፣ ፎቅ ያሉትም አጨበጨቡ» ስትል ቃል መስጠቷ ተነግሮኛል። አልዋሸችም፤ ያየችው ሁሉ ሆኗል። ነገር ግን ሻምበል የሳቀው በስንት ወሩ ስለተሳካለት ነው፣ እኛም ያጨበጨብነው ለእሱ እንጂ ለሌባው አይደለም።

የመጨረሻው ተማሪ ገና እየተናገረ ሳለ አንድ ወጣት እያለከለከ ተንደርድሮ ገባ። እጁን ወደ ጠረጴዛዋ ወርውሮ አየር ጨበጠ። ጠረጴዛዋን አየ፣ ከሥሯ አየ፣ እኛን አየ። «አክስቴ፣ ቦርሳው የታለ?» አለ።

አባባ አናጢው «ቦርሳውማ ተሰረቀ፤ አንተ ሰዓት አታከብርም እንዴ?» አሉት።

ወጣቱም «ታክሲ አጥቼ ነው የዘገየሁት፣ ማን ሰረቀው?» አለ። መምህራችን ጠመኔውን እንደያዘች ቁጭ አለች። ስልኳ፣ መነጽሯና የቤቷ ቁልፍ ቦርሳው ውስጥ ነበሩ።

ሻምበል ይህን ከታች ሲሰማ ያደረገውን በዓይኔ አይቻለሁ። ወደ ጎዳናው ወጥቶ በረረ። አንድ እግር ጫማው መንገዱ ላይ ቀረ። ማቆሚያው ላይ ሊነሣ ሞተር ያስነሣ አውቶቡስ ፊት ሁለት እጁን ዘርግቶ ቆመ፣ ሹፌሩ እየተሳደበ በሩን ከፈተለትና ገብቶ ተሳፋሪውን አንድ በአንድ አየ። ሲመለስ በአንድ ጫማ እያነከሰ ነበር። ደረጃው ላይ ተቀምጦ «በገዛ እጄ ከፈትኩለት፣ እትዬ፣ በገዛ እጄ» እያለ አለቀሰ። የሌባ ተባባሪ የሆነ ሰው አውቶቡስ ፊት አይጋረጥም ብዬ አምናለሁ።

«ሌባው ሰዓቱንና ቦታውን ከጥበቃው ካልሰማ ከማን ሰማ?» ተብዬ ለተጠየቅሁት፦ ከማንም መስማት አያስፈልገውም። ደረጃችን ከአውቶቡስ ማቆሚያው ፊት ለፊት ይታያል። በየሳምንቱ ሐሙስ አንድ ሰው ቦርሳ ይዞ ይወርዳል፣ በር ይከፈትለታል፣ ከፎቅ ይጨበጨብለታል። አውቶቡስ የሚጠብቅ ሰው ሁሉ ይህን እያየ ኖሯል። እኛው ነን አገሩን ሁሉ በነፃ ያስተማርነው።

«ሌባውን መለየት ትችያለሽ?» ተብዬ ለተጠየቅሁት፦ እኔ ብቻ ሳልሆን ክፍሉ በሙሉ ይችላል። መደጋገም ክልክል ስለሆነ እያንዳንዳችን ሌላው ያላየውን ነው ያየነው። የጃኬቱ ግራ ኪስ ተቀዷል። ቡናማ ጫማው አንዱ ማሰሪያ ተፈቷል። ቅንድቡ ላይ የቆየ ጠባሳ አለ። ቦርሳውን ያነሣው በግራ እጁ ነው። ረዳት ሳጅኑ በሥራ ዘመናቸው እርስ በርሱ የማይጣላ ይህን ያህል ምስክር አጋጥሟቸው እንደማያውቅ ተናግረው ስቀዋል። ሳቁ እንዳይጻፍ ፈልገው ነበር፤ ይጻፍልኝ ብያለሁ።

ዛሬ ጠዋት ለሻምበል ቁርስ ይዤ መጥቼ በሽቦው በኩል አነጋግሬዋለሁ። ስለ ራሱ ሁኔታ ያወራኛል ብዬ ስጠብቅ «እትዬ፣ ሐሙስ ሰሌዳው ላይ የተጻፈው ምን ነበር? እኔ ከታች አይታየኝም» አለኝ። ትናንት ያላደረግነውን የምንናገርበት እንደሆነ ነገርኩት። «ዲድ ኖት» ከፊት ከቀደመ ግሡ ጨዋም ሆነ ዱርዬ ወደ ጥንት መልኩ ይመለሳል፣ መቀየር አያስፈልገውም አልኩት። ትንሽ አሰበ። ሽቦውን በሁለት እጁ ይዞ፣ እንደ ልማዱ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ «አይ ኦፕንድ ዘ ጌት። አይ ዲድ ኖት ኖው» አለ። በሩን ከፈትኩ፤ አላወቅኩም ማለቱ ነው። አንዲት ስሕተት አልነበረችበትም። ሳላስበው አጨበጨብኩ፤ ተረኛው ፖሊስም ጣቢያ ውስጥ እንደማይጨበጨብ ገሥጾኛል።

ቃሌ ተነቦልኛል፤ ካልኩት የጎደለ የለም፣ ያላልኩትም አልገባበትም። ያየሁትን አየሁ፣ የሰማሁትን ሰማሁ ብያለሁ። ይህ ሁሉ የሆነና ያለፈ ነገር ነው፤ ያላለፈው የሻምበል እስር ብቻ ነው። እሱም እንዲያልፍ እየጠየቅሁ ከዚህ በታች ፈርሜያለሁ።

የምስክሯ ፊርማ፦ ተፈርሟል

የቃል ተቀባዩ ማስታወሻ፦ ይህ ቃል ለጣቢያው ኃላፊ ቀርቦ፣ ከመምህሯና ከአውቶቡሱ ሹፌር ቃል ጋር ከተገናዘበ በኋላ፣ ሻምበል የተባለው ተጠርጣሪ ዛሬ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ተለቋል። የጣቢያውን በር እኔው ከፈትኩለት፤ አውቄ ነው።

ረዳት ሳጅን፣ ተፈርሟል